ፍሬን ሲጮኽ ምን ይላል? የመኪና ፍሬን ድምፆችና ሳይንሳዊ ትርጉማቸው

ድምፅ በሰማን ቁጥር በአንድ ቦታ አንድ አካል እየተንቀጠቀጠ መሆኑን እንረዳለን። ንዝረት በሌለበት ድምፅ የለም። የንዝረቱ ዓይነት ደግሞ በተንቀጠቀጠው አካል ቅርጽ፣ ክብደትና ጥንካሬ ስለሚወሰን፣ የምንሰማው ድምፅ ሁሉ ስለ አስገኚው አካል ጥቂት መረጃ ይዞ ይመጣል። ሐኪም የታካሚውን ደረት የሚያዳምጠው፣ ገበያተኛም እንስራ ከመግዛቱ በፊት በጣቱ አንኳኩቶ የሚፈትነው ስለዚሁ ነው። ደኅናው እንስራ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ያሰማል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥበብ ወደ መኪና ወስደን፣ ፍሬን በተያዘ ጊዜ የሚሰሙት እንግዳ ድምፆች ከምን እንደሚመነጩ፣ የትኛው ድምፅ ቀላል የትኛውም አስጊ እንደሆነ እንመለከታለን።

ለዚህ ርእስ የምሥራቅ ደቡብ ጎንደርን ምድር ምሳሌ አድርገን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት በመሆን የታወቀች ናት። የዜማ ተማሪዎች በየአድባራቱ የተማሩትን ድጓ አስመስክረው መምህራን ለመሆን ወደ እርሷ ይሄዳሉ። በዚያ ግዕዝን ከዕዝል፣ ዕዝልን ከአራራይ የሚለየው፣ ዜማው ጥቂት ቢስት እንኳ ወዲያው የሚነቃው የሠለጠነ ጆሮ ነው። ጆሮ በትምህርት የሚሠለጥን መሣሪያ መሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። ሁለተኛ፣ አካባቢው የዳገትና የቁልቁለት አገር ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫና በጋሸና አልፎ ወልድያ የሚገባው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው አውራ ጎዳና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ግርጌ አልፎ የጨጨሆን ገደላማ ስፍራ ያቋርጣል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚኖር ሰው ፍሬን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ፍሬን የሚሸከመው ጉልበት

የፍሬን ሥራ በአጭሩ ሲነገር የእንቅስቃሴን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ጉልበት ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ መኪናው በቆመ ጊዜ የነበረው እንቅስቃሴያዊ ጉልበት በአብዛኛው በዲስኩ ወይም በታንቡሩ ብረት ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይገኛል።

ነገሩን በአኃዝ እንየው። ደብረ ታቦር በግምት 2,700 ሜትር፣ ወረታ ደግሞ 1,800 ሜትር ያህል ከባሕር ወለል በላይ ይገኛሉ። ልዩነቱ 900 ሜትር ነው። ተሳፋሪዎቹን ጨምሮ 3,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ሚኒባስ ይህን ቁልቁለት ሲወርድ የሚያጣው እምቅ ጉልበት የመጠነ ቁሱ፣ የመሬት ስበት ፍጥንጥነትና የከፍታው ብዜት ነው፤ ይኸውም 3,000 በ9.8 በ900 ተባዝቶ 26.5 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሆናል። ይህ ጉልበት 79 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ እስከ 100 ዲግሪ ለማድረስ ይበቃል።

በሌላ አንጻር ብናየው፣ ያው ሚኒባስ ሜዳ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ያለው እንቅስቃሴያዊ ጉልበት 417,000 ጁል ያህል ነው። እንግዲህ ከደብረ ታቦር እስከ ወረታ ያለው ቁልቁለት ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እስከ ዜሮ 63 ጊዜ ያህል የመቆምን ያህል ጉልበት ያስከትላል። ይህ ሁሉ ሙቀት የፍሬን ብረቶቹ ላይ ብቻ ቢያርፍና ወደ አየር ባይበተን፣ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብረት ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ይጨምር ነበር። ይህም ዲስክና ታንቡር ከሚሠሩበት ቀልጦ የሚፈስ ብረት የመቅለጫ ነጥብ በላይ ነው። እንዲህ የማይሆነው ከፊሉን ጉልበት የአየርና የጎማ ተቃውሞ ስለሚወስደው፣ ከፊሉን ሞተሩ በማርሽ ስለሚይዘው፣ የቀረውንም ነፋሱ ቀስ በቀስ ስለሚያቀዘቅዘው ነው። አሽከርካሪው በከባድ ማርሽ መውረድን ትቶ ፍሬን ላይ ብቻ ቢተማመን ግን ሸክሙ ሁሉ በሸራው ላይ ይወድቃል።

ማሲንቆና ፍሬን

የፍሬን ጩኸት መነሻ ከማሲንቆ ድምፅ መነሻ ጋር አንድ ነው ብንል አንባቢን ያስገርም ይሆናል። የማሲንቆው ደጋን በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው፤ አዝማሪው ጭራውን በዕጣን ወይም በሙጫ ያሸዋል። ሙጫው ጭራው ክሩን እንዲይዘው ያደርጋል። ደጋኑ ሲሳብ ክሩ ተጣብቆ አብሮ ይሳባል፤ ውጥረቱ ከመያዣው ኃይል ሲበልጥ ክሩ አምልጦ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ወዲያውም እንደገና ይያዛል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ዜማ ሆኖ ይሰማናል።

ምስጢሩ በፍትጊያ (ሰበቃ) ጠባይ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 የፍትጊያ ኃይል ሁለቱን ገጾች ከሚያጫጭነው ኃይል ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አስታወቀ። በኋላም ቆሞ ያለን አካል ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኃይል፣ ከተነሣ በኋላ ለማንሸራተት ከሚያስፈልገው እንደሚበልጥ በሚገባ ተረጋገጠ። ከባድ ሣጥን የገፋ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ከተነሣ በኋላ ግን ይቀላል። ይህ ልዩነት ባይኖር ኖሮ ማሲንቆም አይዘፍንም፣ የበር ማጠፊያም አይንሲጠጥም፣ ፍሬንም አይጮኽም ነበር።

በፍሬን ውስጥ ሸራው የደጋኑን፣ ዲስኩ ወይም ታንቡሩ የክሩን ቦታ ይይዛሉ። ሸራው ብረቱን ይይዘዋል፣ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል። ይህ ንዝረት ከዲስኩ ወይም ከሸራው ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ጋር ሲገጣጠም ፍትጊያው በየዙሩ ጉልበት እየጨመረለት ይሄዳል፤ ቀጭንና ሹል ጩኸትም ይወለዳል። ጋራዦቻችን «ታንቡር» የሚሉት ቃል በመነሻው በጣልያንኛ ከበሮ ማለት መሆኑ እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል። ክብ፣ ባዶና ከብረት የተሠራ አካል በመሆኑ የሚያስተጋባ ጠባይ አለው።

ፍጥነትን የሚከተልና የማይከተል ድምፅ

ድምፅን ለመመርመር ከሁሉ የሚልቀው ጥያቄ «የመኪናው ፍጥነት ሲለወጥ ድምፁም አብሮ ይለወጣል ወይ?» የሚል ነው።

ደወልን ብንመታ በቀስታም ሆነ በኃይል የሚሰጠው ድምፅ ቅጥነቱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ጉላቱ ብቻ ነው። ምክንያቱም የድምፁን ቅጥነት የሚወስነው የመቺው ክንድ ሳይሆን የደወሉ ቅርጽና ብረት ነው። የፍሬን ሹል ጩኸትም እንዲሁ ነው። ድግግሞሹ ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከ1,000 በላይ ሲሆን ከ10,000 በላይም ሊደርስ ይችላል፤ መኪናው በ40 ኪሎ ሜትርም በ10 ኪሎ ሜትርም ፍጥነት ቢጓዝ ቅጥነቱ እምብዛም አይለወጥም። የሰው ጆሮ ደግሞ በሰከንድ ከ2,000 እስከ 5,000 የሚደርስ ድግግሞሽ ላለው ድምፅ እጅግ ንቁ ነው። ስለዚህ ይህ ጩኸት ከአደገኛነቱ ይልቅ በአስጨናቂነቱ ይበልጣል።

ከመንኰራኩሩ ዙር የሚመነጭ ድምፅ ግን ፍጥነትን ይከተላል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ነው እንበል። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 1,000 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ መንኰራኩሩ በደቂቃ 500 ጊዜ፣ በሰከንድም 8 ጊዜ ያህል ይዞራል። የዲስኩ ውፍረት በአንድ ቦታ ቢበልጥ ወይም ታንቡሩ ክብነቱን ቢያጣ፣ በየዙሩ አንድ ጊዜ «ድም» የሚል ምት ይሰማል፤ ፔዳሉም በአሽከርካሪው እግር ሥር ይመታል። ፍጥነቱ ወደ 30 ሲወርድ ምቱም በሰከንድ ወደ 4 ይወርዳል። እንግዲህ ምት እየዘገየ ሲሄድ ከሰማን፣ ጥፋቱ በሚዞረው አካል ላይ እንዳለ ያለ መሣሪያ አወቅን ማለት ነው።

ድምፆቹን በየስማቸው

ከዚህ መሠረት ተነሥተን ዋና ዋናዎቹን ድምፆች እንዘርዝር።

1. የማለዳ ፍግፍግታ። በክረምት ሌሊቱን ዝናብ ሲመታው ያደረ ዲስክ ገጹ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት አያያዞች የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ሸራው ይህን ዝገት ሲጠርገው ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከጠፋ የሚያሳስብ አይደለም።

2. ሹል ሲሲታ ወይም ፉጨት። አቧራ፣ በሙቀት ብዛት እንደ መስተዋት የለሰለሰ ሸራ፣ ወይም ሸራው ከሚቀመጥበት ቦታ ላይ የደረቀ ግራሶ ያመጣዋል። የመያዝ ኃይሉ ካልቀነሰ ለጊዜው የሚያስጨንቅ ባይሆንም መመርመር ይኖርበታል፤ የለሰለሰ ሸራ ቀድሞ ከመጠን በላይ እንደጋለ ይመሰክራልና።

3. ፍሬን ሳይያዝ የሚሰማ፣ ሲያዝ የሚለወጥ ወይም የሚጠፋ ቀጭን ጩኸት። ብዙ የዲስክ ሸራዎች ጫፋቸው ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አላቸው። ሸራው እየሳሳ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ምላሱ ዲስኩን እየነካ ይጮኻል። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ነው። ትርጉሙም «ሸራው ሊያልቅ ነው፣ ለውጡኝ» ማለት ነው።

4. የሚፈጭ፣ የሚያርስ፣ የሚያንኳርር ወፍራም ድምፅ። ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት፣ ወይም በታንቡር ፍሬን ላይ ሸራውን የያዘው ችንካር፣ ብረትን እየፋቀ ነው። ብረት በብረት ላይ እንደ ሸራ አይዝም፤ ዲስኩንም ያበላሻል። ይህ ድምፅ የተሰማበት መኪና ቁልቁለት መውረድ የለበትም።

5. ነጠላ «ቋ» የሚል ምት። መኪናው ወደ ፊት ሄዶ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ወይም ፍሬን በተያዘበት ቅጽበት አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰማ፣ ሸራው በማቀፊያው ውስጥ ላልቶ ወዲያና ወዲህ እየተጋጨ ይሆናል። የላላ ቡሎንም እንዲሁ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሳይዘገዩ ማጥበቅ ይገባል።

6. ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም የሚቀጥል ጉምጉምታ። ይህ ብዙ ጊዜ ከፍሬን ሳይሆን ከመንኰራኩሩ ኩሽኔታ ነው። መሪው ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ጥርጣሬው ይጸናል።

7. የማያቋርጥ የአየር ሹክሹክታ። በአየር ግፊት በሚሠራ የአውቶቡስና የከባድ መኪና ፍሬን ላይ፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ አንድ ጊዜ «ጢስ» ማለት ተገቢ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፔዳሉም ሳይነካ የሚቀጥል ሹክሹክታ ግን አየር እየሾለከ መሆኑን ያመለክታል፤ የግፊት መለኪያው መውረድም ይመሰክራል።

ድምፅ የሌለው አደጋ

እስካሁን ስለሚጮኽ ፍሬን ተናገርን። ይሁን እንጂ ከሁሉ የከፋው አደጋ አንዳንዴ ያለ ድምፅ ይመጣል። ሸራው ከሚችለው በላይ ሲግል በውስጡ ያለው ማጣበቂያ ጋዝ ማውጣት ይጀምራል፤ ፍትጊያውም ይቀንሳል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አልቆም ይላል።

ሁለተኛው ምክንያት የፍሬን ዘይት መፍላት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ዝቅተኛ መፍያ 140 ዲግሪ ብቻ ነው። በዚህ ላይ በደጋ አገር የአየር ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ፈሳሽ ሁሉ ፈጥኖ ይፈላል፤ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ውኃ እንኳ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ያህል ነው። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል። ፈሳሽ አይታመቅም፣ ጋዝ ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ ስፖንጅ የተረገጠ ያህል እየሰመጠ ይሄዳል፣ ግፊቱም ወደ መንኰራኩሩ አይደርስም። በዚህ ጊዜ የሚያስጠነቅቀን ጆሮ ሳይሆን አፍንጫና እግር ነው፤ የተቃጠለ ሽታና የላላ ፔዳል። የዚህ መድኃኒቱ በከባድ ማርሽ መውረድ፣ ፍሬንን ሳያቋርጡ ከመርገጥ ይልቅ ያዝ ለቀቅ ማድረግ፣ ሽታው ሲሰማም በደልዳላ ቦታ ቆሞ ማቀዝቀዝ ነው። በጋለ ታንቡር ላይ ውኃ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ብረቱ በአንድ ወገን በድንገት ሲኮማተር ሊሰነጠቅ ይችላልና።

የአመረማመር ሥርዓት

ሳይንሳዊ ምርመራ ከመፍታት በፊት መጠየቅን ይጠይቃል። መካኒኩ ጎማ ከማውለቁ በፊት፣ አሽከርካሪውም ወደ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ቢመልስ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ሀ. ድምፁ የሚሰማው ፍሬን ሲያዝ ነው ወይስ ሳይያዝም?
ለ. ቀጭን ነው ወይስ ወፍራም? ቀጣይ ነው ወይስ የሚመታ?
ሐ. ፍጥነት ሲቀንስ ይዘገያል ወይስ እንዳለ ይቆያል?
መ. ሲቀዘቅዝ ነው የሚሰማው ወይስ ከጋለ በኋላ?
ሠ. ከየትኛው መንኰራኩር ነው? መኪናው ሲቆም ወደ አንድ ወገን ይስባል?

ከዚያ በኋላ መኪናው በደልዳላ ቦታ ይቆማል፤ የማይነሡት ጎማዎች በድንጋይ ወይም በእንጨት ይታገዳሉ፤ በክሪክ ተነሥቶም በጽኑ ድጋፍ ላይ ያርፋል። በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር መግባት ነፍስን አሳልፎ መስጠት ነው። መንኰራኩሩ በእጅ ሲዞር የሚፋቅ ድምፅ መኖሩ ይደመጣል፤ የሸራው ውፍረት ይለካል፤ የዲስኩ ገጽ ይዳሰሳል። የወለቀ ታንቡር ተንጠልጥሎ በትንሽ መዶሻ ቢነካ፣ ደኅናው እንደ ደወል ያስተጋባል፤ የተሰነጠቀው ግን እንደ ተሰነጠቀው እንስራ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

በዚህ ሥራ ላይ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለ። በታንቡር ውስጥ የተከማቸውን ጥቁር ብናኝ በአፍ እፍ ማለትም ሆነ በአየር ግፊት ማባረር አይገባም። በቀድሞ ዘመን የፍሬን ሸራዎች በብዛት ከአስቤስቶስ ይሠሩ ነበር፤ የዚህ ማዕድን ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር እንደሚያመጣ በሕክምና ሳይንስ ተረጋግጧል። አሮጌ ሸራ ከምን እንደተሠራ በዓይን መለየት ስለማይቻል፣ ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ የመካኒኩን ሳንባ ያድናል። በጋራዥ የሚውሉ ለጋ ወጣቶች ይህን ከሁሉ አስቀድመው ሊማሩት ይገባል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ የፍሬን ድምፅ ከፍትጊያ ሕግ የተነሣ፣ በተፈጥሯዊ ድግግሞሽ የተቀረጸ፣ በቅደም ተከተል ቢመረመርም መነሻው የሚታወቅ ነገር ነው። ሹል ጩኸት ሁሉ አደጋ አይደለም፤ ጸጥታም ሁሉ ደኅንነት አይደለም። ከወገዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወይም ከንፋስ መውጫ ተነሥቶ የሚጓዝ ተማሪ፣ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር የሚፈጭ ድምፅ ወይም የተቃጠለ ሽታ ቢያስተውል ለአሽከርካሪው ወይም ለረዳቱ መናገር ድፍረት ሳይሆን ግዴታ ነው። በክፍል የተማርነው የፍትጊያና የንዝረት ትምህርት ከፈተና ወረቀት አልፎ በአንድ አውቶቡስ ውስጥ ያሉትን ነፍሳት የሚጠብቅበት ጊዜ አለና።

ለተማሪዎች የቀረቡ መልመጃዎች

1. 12,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶቡስ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ሲወርድ ስንት እምቅ ጉልበት ያጣል? (መልስ፦ 106 ሚሊዮን ጁል ገደማ)

2. የጎማው ዙሪያ 3 ሜትር የሆነ አውቶቡስ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ፍሬን ሲይዝ በሰከንድ 5 ጊዜ የሚመታ ድምፅ ተሰማ። ጥፋቱ የሚዞረው አካል ላይ ነው? (መልስ፦ አዎን፤ መንኰራኩሩ በሰከንድ የሚዞረው 5 ጊዜ ነውና።)

3. የማሲንቆው ደጋን ሙጫ ባይቀባ ድምፁ ለምን እንደሚጠፋ፣ ሸራው ላይ ዘይት ቢፈስ ደግሞ ጩኸቱ ቢጠፋም መኪናው ለምን ይበልጥ አደገኛ እንደሚሆን በአንድ ሕግ አስረዱ።